«ገሪማ» ወይስ «ኃይሌ»? የአባት ስም በእንግሊዝኛ ጽሑፍ

የኢትዮጵያውያን ስም ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር የሚደርስበትን ለውጥ ለመመርመር የፊልም ደራሲና አዘጋጅ የኃይሌ ገሪማ ስም ጥሩ አብነት ነው። በአገራችን ልማድ «ኃይሌ» የተጸውዖ ስም፣ «ገሪማ» የአባት ስም ነው። በእንግሊዝኛ የሚጻፈው የፊልም ሐተታ ግን ባለ ስሙን ዘወትር «ገሪማ» ብቻ ይላል። ይህ አጠራር ከየት እንደ መጣ፣ ምን እንደሚያፋልስና ተርጓሚ እንዴት ሊይዘው እንደሚገባ ከዚህ በታች እንመለከታለን።

እንደሚታወቀው የአባት ስም በየትውልዱ ይለወጣል እንጂ አይወረስም፤ ሴትም ስታገባ የአባቷን ስም አትተውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም፣ የተጸውዖ ስምና የአባት ስም እንዲኖረው፣ በአስተዳደር ሰነድም የቤተ ዘመድ ስሙ እንዲቀድም ደነገገ። ይሁን እንጂ ድንጋጌው የሕዝቡን ልማድ አልለወጠም። ሕጉ ያላስለመደውን ስም የውጭ አገር ቅጽ አስለመደው፤ ለቤተሰብ ስም በተተወው ባዶ ቦታ የአባት ወይም የአያት ስም ይሞላበት ጀመር።

ጋዜጦችም ይህንኑ ተከተሉ። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ማራቶንን ባሸነፈ ጊዜ በውጭ ጋዜጦች «ቢቂላ» ሆነ። ከእንጦጦ ተራሮች በስተደቡብ፣ በየካ ክፍለ ከተማ መገናኛ የሚደርሰው ጎዳና የተሰየመለት ሯጭም በአገሩ «ኃይሌ»፣ በውጭ «ገብረ ሥላሴ» ነው። ይህኛው ቢያንስ የአባቱን ስም ሙሉውን ይዟል። «ኃይለ ሥላሴ» ግን ባለቤትና ዘርፍ ተናበው የቆሙበት አንድ ስም ነው፤ ትርጓሜውም የሥላሴ ኃይል ማለት ነው። ንጉሠ ነገሥቱን «ሥላሴ» ብቻ ብሎ የሚጽፍ ሰው የአባታቸውን ስም አልጻፈም፤ አባታቸው መኰንን ናቸውና። ሰውየውን በአምላክ ስም መጥራቱ ነው። በተጨማሪም በግእዝ «ለ» የሚጨርሰው ተናባቢው «ኃይለ» እና በኃምስ «ሌ» የሚጨርሰው ራሱን የቻለው «ኃይሌ» በላቲን ፊደል በአንድ ዓይነት ስለሚጻፉ፣ እንግሊዝኛው አንባቢ ልዩነቱን የሚያይበት መንገድ የለውም።

ወደ ኃይሌ ገሪማ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1946 በጎንደር ተወልደው በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ተማሩ፤ ከ1975 ጀምሮም በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። «ሳንኮፋ» በ1993፣ «ጤዛ» በ2008 ወጡ። አባታቸው ገሪማ ታፈረም «ጎንደሬ በጋሻው» የተባለውን መጽሐፍ የጻፉ ደራሲ ነበሩ። ስለዚህ «የገሪማ ድርሰት» ሲባል ለአማርኛ አንባቢ ቀድመው የሚታሰቡት አባትየው ናቸው። ችግሩ በሦስተኛው ትውልድ ይብሳል። በአሜሪካ ያደገውና በ2020 «ሬዚዱ» የተባለውን ፊልም ያወጣው ልጃቸው «መርዓዊ ገሪማ» ይባላል፤ በእኛ ልማድ «መርዓዊ ኃይሌ» በተባለ ነበር። የአያት ስም በእርሱ ላይ በእውነት የቤተሰብ ስም ሆኗል። በእንግሊዝኛው ልማድ ስለ ሦስቱ በአንድ ገጽ የሚጽፍ ሰው አያትን፣ አባትንና ልጅን «ገሪማ» ብሎ ሊያደባልቃቸው ነው።

«ባለ ስሙ በውጭ አገር የተጠራበትን ስም ማረም አይገባም» የሚል ክርክር ይነሣል። ክርክሩ ከፊል እውነት አለው፤ ሰው በሚኖርበት አገር ሥርዓት ስሙን የማስተካከል መብት አለው። ነገር ግን ባለ ስሙ የመረጠውና ቅጽ የጫነበት አንድ አይደሉም። ስለሆነም የሚከተለውን እናቀርባለን።

በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ስሙ በመጀመሪያ ሙሉውን ይቀመጥ፤ ከዚያ በኋላ «ኃይሌ» ወይም እንደ ገና ሙሉ ስሙ ይጻፍ። ማውጫው በተጸውዖ ስም ይደርደር፤ ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካም ለኢትዮጵያውያን የተከተለው ይህንኑ ነው። «ገሪማ» ብሎ የሚፈልግ አንባቢ እንዳይጠፋም በዚያ ፊደል ሥር መጠቆሚያ ይግባ። የአባት ስም በውርስ የቤተሰብ ስም ለሆነላቸው፣ እንደ መርዓዊ ላሉት፣ እንግሊዝኛው አጠራር ትክክል ነው። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉም ደግሞ «ገሪማ አለ» የሚለውን እንዳለ አይገልብጠው፤ «ኃይሌ ገሪማ እንዳሉት» ብሎ ስሙንም አክብሮቱንም ወደ ቦታው ይመልስ።