ለማጥፋት አንድ ትዕዛዝ፣ ለማስነሳት አራት ሰዓት

ማክሰኞ፣ የካቲት 21 ቀን 2009 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2017)። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ሰሜን ቨርጂኒያ፣ በአማዞን ዳታ ሴንተሮች ውስጥ የደንበኞችን ሒሳብ የሚያሰላው ሥርዓት ተንቀርፍፎ ነበር። ችግሩን የሚያጣራ አንድ ባለሙያ ጥቂት ሰርቨሮችን ከሥራ ለማስወጣት በኪቦርድ ትዕዛዝ ጻፈ። ሥልጣኑ ነበረው፤ የተከተለውም አስቀድሞ የተዘጋጀ መመሪያ ነው። በትዕዛዙ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ተሳስቶ ገባ። ከታሰበው እጅግ የበዙ ሰርቨሮች ወጡ።

የተመታው ኤስ ስሪ የሚባለው የፋይል ማከማቻ ነው። አማዞን በፈረንጆቹ 2006 ለገበያ ያቀረበው ይህ አገልግሎት የብዙ ድረ ገጾች ጓዳ ሆኗል። እነ ትሬሎና ኩዎራ ተስተጓጎሉ። የአማዞን አገልግሎቶች ደህና መሆናቸውን ለሕዝብ የሚያሳየው ሰሌዳ እንኳ ለሁለት ሰዓት ያህል ሊታደስ አልቻለም፤ ማስተዳደሪያው ራሱ በኤስ ስሪ ላይ የቆመ ነበርና። ቤቱ ሲቃጠል ደወሉ እዚያው ቤት ውስጥ ነበር።

ትልቁ ትምህርት ግን ያለው በማስነሳቱ ላይ ነው። በአንድ ኮምፒውተር ላይ የቆመን አገልግሎት ማስነሳት የአንድ መስመር ትዕዛዝ ሥራ ነው። ሺህ ሰርቨሮች ባሉበት ግን አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። በኤስ ስሪ ውስጥ እያንዳንዱ ፋይል የት እንዳለ የሚያውቀው ማውጫ ካልተነሳ፣ ለአዲስ ፋይል ቦታ የሚመድበው ክፍል ሥራ አይጀምርም። ማውጫው ደግሞ መዝገቡ አለመበላሸቱን ሳያረጋግጥ በሩን አይከፍትም። አማዞን ራሱ ባወጣው መግለጫ እንዳመነው፣ እነዚህ ክፍሎች በትልልቆቹ ማዕከላት ለብዙ ዓመታት ሙሉ በሙሉ ጠፍተው ተነስተው አያውቁም ነበር። በእነዚያ ዓመታት አገልግሎቱ እጅግ ገዝፏል። ስለዚህ ማስነሳቱ ከተገመተው በላይ ጊዜ ወሰደ፤ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው እስኪመለስ ከአራት ሰዓት በላይ አለፈ።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል። መግለጫው ግን የባለሙያውን ስም አላነሳም። ጥፋቱን የጣለው ብዙ ሰርቨሮችን በአንድ ጊዜ ማስወጣት በፈቀደው መሣሪያ ላይ ነው። መሣሪያው ቀስ ብሎ እንዲሠራ፣ ከዝቅተኛው መጠን በታች የሚያወርድ ትዕዛዝ ሲመጣም እንዲከለክል ተደረገ። ይህ ለሠራተኛው ማዘን ብቻ አይደለም። ሰውየውን አባርሮ መሣሪያውን እንዳለ መተው ስህተቱን ለሚቀጥለው ሠራተኛ ማቆየት ነው።

ባንኩም፣ ግብር ሰብሳቢውም፣ ሆስፒታሉም በሰርቨር ላይ ባደረበት በዚህ ዘመን፣ «ሥርዓታችን ቆሞ አያውቅም» የሚል ኃላፊ ሲመጣ ከማጨብጨብ በፊት አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይገባል፤ ቢቆምስ፣ ማስነሳቱን የሞከረው አለ?