ቆሽትና ሰፌድ

ስንናደድ «ቆሽቴ አረረ» እንላለን። ምስኪን ቆሽት፣ ስሙ የሚነሳው ለንዴት ብቻ ነው! ዛሬ እስቲ ንዴቱን ትተን ታሪኩን እናውራለት። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

በ1869 በርሊን ውስጥ ፓውል ላንገርሃንስ የተባለ የ21 ዓመት የህክምና ተማሪ ቆሽትን በማይክሮስኮፕ ሲያይ እዚህም እዚያም የተበተኑ ጥቃቅን የሴል ክምችቶች አገኘ። ሥራቸውን ግን አላወቀም። ኋላ «የላንገርሃንስ ደሴቶች» ተባሉ። ኢንሱሊን የሚያመነጩት እነሱ ናቸው።

በ1893 ብሪስቶል ውስጥ አንድ ሐኪም ስኳር በሽታ ሊገድለው ለተቃረበ የ15 ዓመት ልጅ የበግ ቆሽት ቁራጮች ከቆዳው ሥር ቀበረለት። ልጁ በሦስተኛው ቀን ሞተ። በ1921 ቶሮንቶ ላይ ኢንሱሊን ተገኘና እንደሱ ያሉ ልጆች መትረፍ ጀመሩ። ግን መትረፍ መዳን አይደለም፤ መርፌው የዕድሜ ልክ ሆነ።

ታዲያ ደሴቶቹን ብቻ ለይቶ ለበሽተኛው መስጠት ለምን አልተቻለም? እንቆቅልሹ እዚህ ጋ ነው። ደሴቶቹ ከቆሽት ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ናቸው። ቀሪው ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ የሚሠራ ሥጋ ነው።

በ1967 ሴንት ሉዊስ ውስጥ ፖል ሌሲና ሜሪ ኮስቲያኖቭስኪ ኮላጅኔዝ በሚባል ኤንዛይም የአይጥ ቆሽትን አሟሙተው ደሴቶቹን አወጡ። ኤንዛይሙ ካነሰ ደሴቶቹን አይለቅም፤ ከቆየ ራሳቸውን ደሴቶቹን ይበላል። ማጥራቱ ደግሞ የእናቶቻችንን ሰፌድ ያስታውሳል። ድብልቁ እፍጋታቸው በሚለያይ ፈሳሾች ላይ ይሽከረከራል። ልዩነቱ፣ እዚህ ቀላሉ ፍሬው ነው፤ ገለባው ይሰምጣል!

በ1972 ባሊንገርና ሌሲ የስኳር በሽታ ያለባቸውን አይጦች በዚህ መንገድ አሻሻሉ። የሰው ቆሽት ግን ጠንካራ ነው፣ በቀላሉ እጅ አይሰጥም። በ1988 ካሚሎ ሪኮርዲ መላ አመጣ። ቆሽቱ ኳሶች ባሉበት ዕቃ ውስጥ ይናጣል፤ የተፈቱት ደሴቶች ኤንዛይሙ ሳይበላቸው በፈሳሹ ተጠርገው ይወጣሉ።

በ2000 የካናዳዋ ኤድመንተን ዜናውን አሰማች። የጄምስ ሻፒሮ ቡድን ደሴቶቹን ወደ ጉበት በሚወስድ የደም ሥር ለሰባት በሽተኞች ሰጠ። ሰባቱም መርፌ አቆሙ!

ደስታው ግን ሙሉ አልነበረም። ለአንድ ሰው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሟች በላይ ቆሽት ያስፈልጋል። ሰውነት እንዳይቃወማቸው የሚወሰደው መድኃኒትም የራሱ ጣጣ አለው። ከአምስት ዓመት በኋላ ከኤድመንተን ታካሚዎች ያለ መርፌ የቀሩት 10 በመቶ ገደማ ነበሩ። ሆኖም ደሴቶቹ በጥቂቱም ቢሆን የሚሠሩላቸው ሰዎች ስኳራቸው በድንገት ወርዶ ራሳቸውን ከመሳት ድነዋል። ሌሊት እንዳይነቁ ፈርቶ ለሚተኛ ሰው ይሄ ትንሽ ነገር ነው?

አሜሪካ ይህን ህክምና የፈቀደችው በ2023 ነው። ሌሲ አይጡን ካከመ 51 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ሐሳቡማ ከብሪስቶል ጀምሮ ነበር። የጎደለው በትዕግሥት የሚያበጥር እጅ ነበር። እና ቀጥሎ ቆሽታችሁ ሲያርር... እነዚያን ደሴቶች አስቧቸው።