ድልድዩና ቃሉ፦ የብሉር ጎዳና ታሪክ ለነጋዴ ምን ያስተምራል?

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቶሮንቶ ውስጥ በምድር ባቡር ከብሉር ወደ ዳንፎርዝ የሚጓዝ ሰው ለጥቂት ሰከንዶች ከጨለማው ወጥቶ የዶንን ሸለቆ ቁልቁል ያያል። ባቡሩ የሚያልፍበት የፕሪንስ ኤድዋርድ ድልድይ የተከፈተው በ1918 ነው፤ የምድር ባቡሩ ግን ሥራ የጀመረው በ1966 ነበር። ድልድዩን የነደፈው ኤድመንድ በርክና የከተማዋ የሕዝብ ሥራዎች ኃላፊ አር. ሲ. ሃሪስ፣ ከላይኛው መንገድ በታች ለባቡር የሚሆን ሁለተኛ ወለል አብሮ እንዲሠራ አደረጉ። ያኔ በከተማዋ አንድም የምድር ባቡር አልነበረም። ተጨማሪው ወጪ ብክነት ነው ያሉ ብዙ ነበሩ። ወለሉ 48 ዓመት ያለ ሥራ ቆየ፤ ባቡሩ ሲመጣ ግን በሸለቆው ላይ አዲስ ድልድይ መሥራት አላስፈለገም።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ስለ ድልድይ ለመጻፍ አይደለም። ዛሬ መንግሥታት አነስተኛ ድርጅቶች ኃይል ቆጣቢ መሣሪያ እንዲገዙና ብክለቱ አነስተኛ ወደሆነ ትራንስፖርት እንዲሸጋገሩ ይወተውታሉ። ክርክሩ ብዙውን ጊዜ የሚያተኩረው በድጎማው መጠን ላይ ነው። የብሉር የመቶ ዓመት ታሪክ የሚያሳየው ግን ለነጋዴው ከገንዘቡ መጠን ይልቅ የቃሉ ዕድሜ እንደሚበልጥበት ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ከክሪስቲ ጣቢያ ወደ ምዕራብ በብሉር ላይ፣ እንዲሁም ከሸለቆው ማዶ በዳንፎርዝ፣ የአገራችን ሰዎች የከፈቷቸው ምግብ ቤቶችና መደብሮች አሉ። እንዲህ ያለ ድርጅት አብዛኛውን ጊዜ ተከራይ ነው። የኤሌክትሪኩንና የጋዙን ሒሳብ የሚከፍለው ተከራዩ፣ የማሞቂያውና የሕንፃው ባለቤት ደግሞ አከራዩ ነው። አከራዩ አዲስ ማሞቂያ ቢያስገባ ቁጠባው የሚገባው በተከራዩ ኪስ ነው፤ ተከራዩ ቢያስገባ ደግሞ ውሉ ሲያበቃ ንብረቱ ለአከራዩ ይቀራል። ስለዚህ ሁለቱም እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ወጪው ዛሬ በአንድ ሰው ላይ ይወድቃል፤ ጥቅሙ ከዓመታት በኋላ ለብዙዎች ይደርሳል። ይህን የጊዜ ክፍተት የሚሸከም አንድ አካል ከሌለ ድጎማ ብቻውን አይሞላውም።

ብሉር ይህን ክፍተት ለመሸከም የሞከሩ ሁለት ተቋማትን አይታለች። የመጀመሪያው የተወለደው ከምድር ባቡሩ ራሱ ነው። መስመሩ በ1968 ወደ ምዕራብ ሲራዘም፣ በሩኒሚድና በጄን መካከል በትራም ይመላለስ የነበረው ደንበኛ ከመሬት በታች ገባ። ሱቆቹን በመስኮት እያየ የሚወርድ ተሳፋሪ ቀረ፤ በዳር ከተማ የተከፈቱት ትልልቅ የገበያ ማዕከላትም የቀረውን ይስቡ ጀመር። ለከተማዋ የሚበጀው ትራንስፖርት ለጎዳናው ነጋዴ ጉዳት ሆነ። ነጋዴዎቹ ግን ባቡሩ ይቁም አላሉም። ሁሉም በየድርሻው እንዲያዋጣ የሚያስገድድ ሕግ እንዲወጣላቸው ጠየቁ። በ1970 የተቋቋመው የብሉር ዌስት ቪሌጅ የንግድ አካባቢ ማሻሻያ ማኅበር በዓለም የመጀመሪያው ነው። ከንግድ ቤቶቹ የሚሰበሰበውን መዋጮ ከተማው ከንብረት ግብሩ ጋር አብሮ ይሰበስባል፤ በምን ላይ እንደሚውል የሚወስኑት ግን ነጋዴዎቹ ናቸው። ዛሬ በቶሮንቶ ብቻ ከ80 በላይ እንዲህ ያሉ ማኅበራት አሉ፤ አሠራሩም ከሰሜን አሜሪካ እስከ ደቡብ አፍሪካ ተዛምቷል።

ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ዕድር ለአንድ ሰው ሐዘን አይመሠረትም፤ የማን ቤት ቀድሞ እንደሚንኳኳ ሳይታወቅ ሁሉም አስቀድሞ ያዋጣል። የብሉር ነጋዴዎች ያደረጉት ዕድርን የሚመስል መዋጮ ከሕግ ጋር ማጣመር ነው። ሕጉ ያስፈለገው፣ ሳያዋጣ በሌላው መዋጮ የሚጠቀም ጎረቤት እንዳይኖር ነው።

ሁለተኛው ተቋም የተወለደው ከአየር ንብረት ክርክር ነው። በሰኔ 1988 ቶሮንቶ ስለሚለዋወጠው ከባቢ አየር ዓለም አቀፍ ጉባኤ አስተናገደች፤ ጉባኤውም የካርቦን ልቀት እስከ 2005 በ20 በመቶ እንዲቀንስ መከረ። የከተማዋ ምክር ቤት ይህንኑ ግብ በ1990 የራሱ አደረገው። ግብ ማወጅ ቀላል ነው፤ ቶሮንቶን ልዩ ያደረጋት ቀጥሎ የወሰደችው እርምጃ ነው። ከከተማዋ በስተሰሜን የነበረው የወኅኒ ቤት እርሻ መሬት ሲሸጥ፣ ከሽያጩ 23 ሚሊዮን ዶላር ተነሥቶ በ1991 የቶሮንቶ አትሞስፌሪክ ፈንድ ተቋቋመ። ገንዘቡ ለአንድ በጀት ዓመት የተመደበ አልነበረም። ዋናው ተጠብቆ፣ የሚያፈራው ብቻ ለእርዳታና ለብድር የሚውል ቋሚ ሀብት ነበር። ፈንዱ ከኃይል ቁጠባ በሚገኘው ገንዘብ ለሚመለስ ብድር መንገድ ጠርጓል፤ ከ1996 ጀምሮ ትልልቅ ሕንፃዎችን ያደሰውም መርሐ ግብር ከዚህ አስተሳሰብ ጋር የተሳሰረ ነው። ፈንዱ ካንቲባ በተለወጠ ቁጥር ለህልውናው መለመን አላስፈለገውም። በ2016 ከኦንታሪዮ መንግሥት 17 ሚሊዮን ዶላር፣ ኋላም ከፌዴራሉ መንግሥት 40 ሚሊዮን ዶላር ሲጨመርለት፣ አዲሱ ገንዘብ ያረፈው አስቀድሞ በቆመ ተቋም ላይ ነበር።

ከዚህ በተቃራኒ የቆመው የድጎማ ታሪክ ነው። ኦንታሪዮ በጥር 2017 የልቀት ጣሪያና ግብይት ሥርዓት ጀመረች፤ ከእርሱ በሚገኘው ገንዘብም ለቤቶችና ለድርጅቶች የኃይል ቁጠባ ድጋፍ ተዘረጋ። የኤሌክትሪክ መኪና ለሚገዛ ደግሞ እስከ 14,000 ዶላር የሚደርስ ተመላሽ ነበር። በ2018 ክረምት አዲሱ የዳግ ፎርድ መንግሥት ሥልጣን በያዘ በቀናት ውስጥ ሥርዓቱ ተሻረ፤ ድጋፎቹም ተቋረጡ። በ2019 ደግሞ በየአካባቢው የኤሌክትሪክ አቅራቢዎች በኩል ይሰጥ የነበረው የቁጠባ አገልግሎት ወደ ክፍለ ሀገሩ ማዕከል ተጠቃለለ። የሱቁን አምፖል እንዲቀይር ነጋዴውን ደጁ ድረስ መጥቶ የሚያነጋግረው የሰፈሩ አቅራቢ ከሥራው ወጣ።

የፌዴራሉም መንግሥት ቢሆን ከነቀፋ አያመልጥም። በኦንታሪዮ የካርቦን ክፍያ በነዳጅ ላይ የተጣለው በሚያዝያ 2019 ነው። ከዚያ ገንዘብ ከፊሉ ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች እንዲመለስ ታስቦ ነበር። ድርጅቶቹ ግን በየወሩ በጋዝ ሒሳባቸው ላይ እየከፈሉ አምስት ዓመት ጠበቁ፤ ወደ 2.5 ቢሊዮን ዶላር የሚገመተው ተመላሽ መከፈል የጀመረው በ2024 መጨረሻ ነው። እርሱም ቢሆን በኮርፖሬሽንነት ለተመዘገቡት ብቻ እንጂ በግል ስማቸው ለሚነግዱት አልደረሰም። በሚቀጥለው ሚያዝያ የሸማቹ የካርቦን ክፍያ ራሱ ቀረ። ክፍያው በየወሩ፣ ምላሹ በአምስት ዓመት ሲሆን፣ ነጋዴው ሥርዓቱን ወዳጄ ነው ብሎ ቢቆጥረው ነበር የሚገርመው።

የብስክሌት መስመሩ ታሪክ ሁለቱንም ገጽታዎች አንድ ላይ ያሳያል። በብሉር አኔክስ ሠፈር በ2009 የወጣ ጥናት በመኪና የሚመጣው ደንበኛ ከአሥር አንዱ ገደማ ብቻ መሆኑን አሳየ፤ በእግርና በብስክሌት የሚመጡት በወር ውስጥ የሚያወጡት ገንዘብም የበለጠ ነበር። በነሐሴ 2016 ከሾው እስከ አቬኑ ሮድ የሙከራ መስመር ተዘረጋ። የአኔክስና የኮሪያ ሠፈር የነጋዴ ማኅበራት ከሌሎች ጋር ሆነው ውጤቱ ከመስመሩ በፊትና በኋላ እንዲለካ አደረጉ። የብስክሌተኛው ቁጥር በ49 በመቶ ጨመረ፤ የደንበኞች ጉብኝትና ወጪም አደገ። ምክር ቤቱ በኅዳር 2017 መስመሩን ቋሚ አደረገው። እዚህ ላይ የ1970ው ተቋም በ2016 ፍሬ አፈራ፦ ነጋዴዎቹ አንድ ሆነው የሚለኩበት መድረክ ስለነበራቸው፣ ፍርሃትን በፍርሃት ሳይሆን በቁጥር መለሱ።

ይሁን እንጂ መስመሩ ወደ ምዕራብ ሲራዘም ከነዋሪና ከነጋዴ ተቃውሞ ገጠመው። በኅዳር 2024 ክፍለ ሀገሩ በብሉር፣ በያንግና በዩኒቨርሲቲ ጎዳናዎች ያሉትን መስመሮች ለማንሣት የሚያስችል ሕግ አወጣ። በሐምሌ 2025 የኦንታሪዮ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማንሣቱ የሰውን ሕይወትና ደኅንነት አደጋ ላይ ስለሚጥል ሕገ መንግሥቱን ይፃረራል ሲል ወሰነ፤ መንግሥትም ይግባኝ ጠየቀ። በብስክሌት የሚያደርስ ሠራተኛ ልቅጠር ወይስ መኪና ልግዛ ብሎ ለሚያመነታ የምግብ ቤት ባለቤት፣ ይህ ክርክር የሥራ ዕቅዱ አካል ነው።

አንድ ተገቢ ተቃውሞ አለ። ትልቁን ልቀት የቀነሰው የሱቅ አምፖል ሳይሆን ኦንታሪዮ የድንጋይ ከሰል ማመንጫዎቿን በ2014 ዘግታ መጨረሷ ነው፤ በ2003 ከክፍለ ሀገሩ ኤሌክትሪክ ሩብ ያህሉ የሚመጣው ከከሰል ነበር። እውነት ነው። ነገር ግን ያም ሥራ ሐሳቤን ያጠናክረዋል። መጀመሪያ የተባለው ቀን አልፎ ለዓመታት ቢዘገይም ቃሉ አልታጠፈም፤ ከተፈጸመም በኋላ ወደ ከሰል መመለስን የሚከለክል ሕግ ወጣለት።

ይህ ሁሉ ከአዲስ አበባ ጋር ምን አገናኘው? ኢትዮጵያ በ2022 በኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ላይ የነበረውን ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ኤክሳይስና ሱር ታክስ አነሣች። የጉምሩክ ቀረጡም ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ ለሚገባው ዜሮ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5፣ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ ሆነ። በጥር 2024 ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አለሙ ስሜ፣ ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ። ምክንያቱ ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ነው። የአገሪቱ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ ይመነጫል፤ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የሕዳሴ ግድብም በመስከረም 2025 ተመርቋል። ኦንታሪዮ በብዙ ድካም የደረሰችበት ንጹሕ ኃይል ለኢትዮጵያ መነሻዋ ነው።

ከዚያ ቀደም ያገኘነው ልምድም አለ። በነጻ ከታደሉት ከ5 ሚሊዮን በላይ ኃይል ቆጣቢ አምፖሎች ውስጥ የመጀመሪያዎቹን 350,000 የመረመረ የዓለም ባንክ ጥናት፣ የአንድ ደንበኛ ፍጆታ በወር ከ45 እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት መቀነሱን አገኘ። በ18 ወራት ውስጥ ግን ከቁጠባው 20 በመቶ ያህሉ ጠፋ። አንድ ጊዜ ማደል ብዙ ይሠራል፤ እያደር የሚለካና የሚከታተል ከሌለ ግን እንደዚያው ይሸረሸራል።

እገዳው ለነጋዴው የትኛው በር እንደተዘጋ ነግሮታል። የተከፈተው በር እስከ መቼ ክፍት እንደሚቆይ ግን አልነገረውም። በመመሪያ የተሰጠ የቀረጥ ቅናሽ በመመሪያ ይነሣል። የዕቃ ማመላለሻውን ወደ ኤሌክትሪክ ለመለወጥ የሚያስብ ሰው፣ የባትሪውን የነገ ዋጋ ለማያውቅ ባንክ ቤቱን በዋስትና አስይዞ፣ በሠፈሩ የኃይል መሙያ ይኑር አይኑር ሳያውቅ ክፍተቱን ብቻውን ይሸከማል።

በፖሊሲ ሥራ ላይ ያለን የዳያስፖራ ሰዎች ለዚህ ጉዳይ ምክር ስንጠየቅ፣ ከቶሮንቶ የድጎማ ሠንጠረዥ ይልቅ የ1970ውን ማኅበርና የ1991ዱን ፈንድ መተዳደሪያ ብንልክ ይሻላል። ዋናው የማይነካ፣ በተዘዋዋሪ ብድር የሚሠራ፣ ሚኒስትር ሲለወጥ የማይለወጥ ፈንድ፤ ከአጠገቡም ዕድርን በሚያውቅ ሕዝብ መካከል በሕግ የታወቀ የጎዳና ነጋዴዎች ማኅበር። የብሉርን ድልድይ የሠሩት ሰዎች ባቡሩ መቼ እንደሚመጣ አላወቁም ነበር፤ የማያውቁትን ዕዳ ግን ለኋለኛው ነጋዴ አልተዉለትም።