የዓባይ ምንጭና የጽሑፍ ምንጭ

በአማርኛ «ምንጭ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያመለክታል፤ ይኸውም ውሃ ከምድር የሚፈልቅበትን ሥፍራና አንድ ጸሐፊ ዕውቀቱን የቀዳበትን ጽሑፍ ነው። በዓባይ መነሻ ታሪክ ውስጥ እነዚህ ሁለት ትርጉሞች ተገናኝተው ረዥም ክርክር አስከትለዋል። ታሪኩ ለጥናት ጽሑፍ አዘጋጅ ተማሪም ሆነ ጽሑፉን ለሚመረምር መምህር የጥቅስን ኃላፊነት በሚገባ ያስረዳል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

በሰከላ የሚገኘውን የግሽ ዓባይን ምንጭ የአካባቢው ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ሲያውቀውና ሲያከብረው ኖሯል። ስለዚህ ክርክሩ ምንጩን ማን አገኘው የሚል ሳይሆን፣ ከአውሮጳውያን ማን ቀድሞ አይቶ በጽሑፍ መሰከረ የሚል ነበር። የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል የነበረው እስፓኛዊው ፔድሮ ፓኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ተጉዞ በኤፕሪል 21 ቀን 1618 ሥፍራውን ማየቱን በፖርቱጊዝ ቋንቋ ባዘጋጀው የኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ መዝግቧል። ሆኖም ፓኤዝ በ1622 ሲሞት መጽሐፉ አልታተመም ነበር፤ በእጅ ጽሑፍነቱም ቀረ።

የፓኤዝ ቃል ለአንባቢ የደረሰው በሌሎች ሰዎች አማካይነት ነው። አታናስየስ ኪርከር ስለ ምንጩ የተጻፈውን ክፍል በላቲን ተርጉሞ በ1652 ሮም ላይ አሳተመ። ባልታዛር ቴሌስ ደግሞ ማኑኤል ደ አልሜዳ የጻፈውን የኢትዮጵያ ታሪክ አሳጥሮ በ1660 ኮይምብራ ላይ ሲያወጣ፣ ሥራው የአልሜዳ መሆኑንና የራሱ ድርሻ ማሳጠርና ማደራጀት እንደነበረ በመጽሐፉ የርእስ ገጽ ላይ ገልጿል። የሌላውን ሐሳብ በራስ አነጋገር ማቅረብ የሚገባው እንዲህ ባለ ግልጽነት ነው።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በኖቬምበር 1770 ግሽ ደረሰ። በ1790 ባሳተመው አምስት ቅጽ የጉዞ ታሪኩ ውስጥም ምንጩን በማየት ከአውሮጳውያን የቀደመኝ የለም ሲል የፓኤዝን ምስክርነት ተቃወመ። በኪርከር መጽሐፍ የሠፈረውን መግለጫ ከነቀፈ በኋላ፣ የፓኤዝን መጽሐፍ ቅጂዎች ኢጣልያ ውስጥ ማየቱንና ታሪኩን ግን በውስጣቸው አለማግኘቱን ጻፈ። ነገር ግን ቅጂዎቹን የተመለከተው በችኮላ እንደነበረና ነገሩ ሊገኝበት ይገባል ያለውን ቦታ ብቻ እንደመረመረ ራሱ ተናግሯል።

ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ካሚሎ ቤካሪ የፓኤዝን መጽሐፍ በ1905 እና በ1906 ሮም ላይ አሳተመ። ስለ ግሽ የተጻፈው ክፍልም በውስጡ ተገኘ። የብሩስ ስሕተት መጠራጠሩ አልነበረም፤ መጠራጠርስ የተመራማሪ ግዴታ ነው። ስሕተቱ ሙሉውን ሳያነብ «የለም» ብሎ መደምደሙ ነው። በዚህም ምክንያት በሕይወት የሌለና ሊከራከር የማይችል ሰው ቃል ሐሰት ተባለ።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ምሳሌም አለ። ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር በ1649 ሮም ላይ ተዋወቀ፤ በ1652 ደግሞ ጎታ ከተማ ተገናኝተው አብረው ሠሩ። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 በባሕር ላይ አደጋ ዐረፉ። ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681 ሲያሳትም የዕውቀቱ ምንጭ እኒህ መነኩሴ መሆናቸውን አልሸሸገም፤ በ1691 ባወጣው ማብራሪያም ሥዕላቸውን ጭምር አትሟል። ስማቸው ዛሬ በክብር የሚነሣው ሉዶልፍ ምንጩን ስለጠቀሰ ጭምር ነው።

ለተማሪ የሚሰጠው ትምህርት ከዚህ ይመነጫል። የሌላ ሰው ቃል እንዳለ ሲወሰድ በትእምርተ ጥቅስ መከበብና ገጹ መመልከት አለበት። ሐሳቡ በራስ አነጋገር ሲገለጽ ቃላቱ ቢለወጡም ባለቤቱ አይለወጥምና ስሙ ሊጠቀስ ይገባል። የፓኤዝን ቃል ከኪርከር ያገኘ ሰው ደግሞ ያነበበው ኪርከርን መሆኑን ይናገር እንጂ ፓኤዝን እንዳነበበ አይምሰል።

ይህ ጉዳይ ለመሐንዲስ የሥነ ጽሑፍ ወግ ብቻ አይደለም። የአንድ ወንዝ የፍሰት መጠን መቼ፣ በየትኛው ጣቢያና በምን ዘዴ እንደተለካ ሳይገለጽ ከዘገባ ወደ ዘገባ ሲገለበጥ፣ በመጨረሻ የድልድይ ከፍታ ወይም የግድብ ማስተንፈሻ ስፋት ይወሰንበታል። ቁጥሩ የተሳሳተ እንደሆነ የሚመረምረው ባለሙያ ወደ መነሻው የሚመለስበት መንገድ አያገኝም። የግርጌ ማስታወሻ ይህን የመመለሻ መንገድ ክፍት አድርጎ የሚያቆይ ነውና፣ በመመረቂያ ጽሑፍ ላይ የተለማመደው ተማሪ ነገ በሥራ ላይ አይዘነጋውም።