ባቡሩ ሁለት ዓመት የቆመበት አቃቂ

ባቡሩ አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት አቃቂ ላይ ሁለት ዓመት ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ የተነሣው የሐዲድ ሥራ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 መጨረሻ ነበር። ከዚያ ሐዲዱን የሚዘረጋው ኩባንያ ከሰረ፤ በ1908 ሌላ ኩባንያ ተተካና ሐዲዱ አዋሽን ተሻግሮ በ1915 አቃቂ ደረሰ። ዋና ከተማው ሊገባ 23 ኪሎ ሜትር ብቻ ሲቀረው ሥራው ዘገየ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። እስከዚያ ድረስ መንገደኛውም ጭነቱም አቃቂ ላይ ወርዶ የቀረውን መንገድ በሌላ ዘዴ መጨረስ ነበረበት።

አቃቂ ከዚያ ወዲህ የሥራ ሰፈር ሆና ቀረች። ፋሺስት ጣሊያን ሊወረን ሲነሣ የንጉሠ ነገሥቱን ድምፅ ወደ ውጭው ዓለም ያስተላለፈው የሬዲዮ ጣቢያ እዚሁ ነበር። የጦርነቱ ዘመን አውሮፕላኖች የሚያርፉበት ሜዳም እዚሁ ነበር። ኋላም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ የብረታ ብረት ፋብሪካዎቹና መጋዘኖቹ ተከተሉ። ቅርስ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ቤተ መንግሥት፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም የመኳንንት መኖሪያ ነው። ሠራተኛ ካርድ እየመታ የገባበት አዳራሽ፣ ጆንያ የተራገፈበት መጋዘን ግን ከቅርስ አይቆጠርልንም። ይህ አድልዎ ያሳዝነኛል። አዲስ አበባን ያቆማት የእነዚያ ቤቶች ሥራ ነውና።

አሮጌው ባለ አንድ ሜትር ስፋት ሐዲድ አቃቂ ላይ ዛሬ ሥራ ፈትቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የራሱን ሐዲድና እንደ ለቡና እንዶዴ ያሉ የራሱን ጣቢያዎች ይዞ መጣ። የቀድሞዎቹ ጣቢያዎችና መጋዘኖች ተተኪ ሥራ ካላገኙ ዕጣቸው ይታወቃል፤ መጀመሪያ ቆርቆሮው ይነቀላል፣ ዝናብ ይገባል፣ ከዚያ «ለአደጋ የተጋለጠ» ተብለው ይፈርሳሉ።

ታዲያ ምን ሥራ ይሰጣቸው? ከአቃቂ አጠገብ ባለው ቃሊቲ ጉምሩክ አካባቢ በሥራ ሰዓት የሄደ ሰው መልሱን ያያል። ሰነዳቸውን በፌስታል ይዘው፣ ላፕቶፓቸውን መኪና ውስጥ ወይም ሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከፍተው ዲክላራሲዮን የሚሠሩ ትራንዚተሮች አሉ። ለአነስተኛ ድርጅቶች ሒሳብ የሚዘጉ ወጣቶች፣ ዲዛይነሮች፣ ሶፍትዌር የሚጽፉ ተመራቂዎችም አሉ። ለእያንዳንዳቸው ቢሮ መከራየት የማይታሰብ ነው፤ በጋራ የሚከራዩት ጠረጴዛ፣ የማይቋረጥ ኢንተርኔትና አንድ የስብሰባ ክፍል ግን ይበቃቸዋል። የጋራ የሥራ ቦታ ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም፤ አይስአዲስ የተባለው ማዕከል ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ይሁንና አብዛኛው ዕድል መሐል ከተማ ነው። የአቃቂ ልጅ ለአንድ ጠረጴዛ ብሎ ቦሌ ድረስ ታክሲ ይጋፋል።

የባቡራችን ባለቤቶች የነበሩት ፈረንሳዮች በራሳቸው አገር ያደረጉትን ማየት ይጠቅማል። ኢንጂነር ኤዤን ፍሬሲኔ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ፓሪስ ላይ 310 ሜትር ርዝመት ያለው የባቡር ጭነት አዳራሽ ሠራ። አገልግሎቱ ሲያበቃ ሊፈርስ ተቃርቦ ነበር። በ2012 በቅርስነት ተመዘገበ፤ በ2017 ደግሞ «ስታሲዮን ኤፍ» ተብሎ 3000 ያህል የሥራ ጠረጴዛ ይዞ ተከፈተ። የስብሰባ ክፍሎቹ እንደ ኮንቴይነር ያሉ ሳጥኖች ሆነው በአዳራሹ ውስጥ ተቀመጡ። አቃቂ ደግሞ ከኮንቴይነር ጋር ዕለት ተዕለት የምትኖር ሰፈር ናት። ጥሩ ብየዳ የሚያውቅ ሰው፣ መስኮትና የድምፅ መከላከያ ይጨመርበት እንጂ፣ የድሮውን ግድግዳ ሳይነካ መጋዘን ውስጥ ክፍል ያቆማል።

የአቃቂን ፈተና ግን ከፓሪስ አንማርም። ፈተናው ከመሬቱ ነው። ጥቁሩ አፈር ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱም አብሮ ይነሣል፣ ይወርዳል። የብዙ አሮጌ ቤት ግድግዳ ከጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚሰነጠቀው በዚህ ነው። ስንጥቁን በሲሚንቶ መምረግ በሽታውን መሸፈን ነው። መጀመሪያ የጣሪያው ውኃ በአሸንዳ ተሰብስቦ ወደ ታንከር ይግባ፤ በቤቱ ዙሪያም ውኃ የሚያርቅ ቦይ ይቆፈር። የተሰበሰበው ውኃ ለመጸዳጃ ቤትና ለአትክልት ይሆናል፤ ቤቱም ይድናል፣ የውኃ ወጪውም ይቀንሳል።

በኖራ የታነጸ የድንጋይ ግድግዳ ደግሞ እርጥበቱን የሚያስወጣው በኖራው በኩል ነው። ላዩን ሲሚንቶ ሲለስኑት እርጥበቱ ውስጥ ይታመቅና ድንጋዩን ይበላዋል። ስለዚህ ልስኑ ኖራ ይሁን። የኤሌክትሪክ ገመድ ግድግዳ እየተፈለፈለ አይቀበር፤ በቱቦ በላዩ ይለፍ፤ ነገ ሲቀየር ቤቱ አይቆስልም። ወፍራሙ ግድግዳ የቀኑን ሙቀትና የሌሊቱን ብርድ ስለሚያለዝብ፣ መስኮቶቹ በትክክል ከተከፈቱ ኤርኮንዲሽነር አያስፈልግም። ከቆርቆሮው ሥር ግን የሙቀትና የድምፅ መከላከያ ያስፈልጋል፤ የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ ስልክ ማናገር አይቻልማ።

አሮጌ ነገር ወደ ሥራ ሊመለስ እንደሚችል ለአቃቂ ምስክር ከሩቅ አይጠራም። በአገሪቱ ቀደምት ከሆኑት አንዱ የሆነው የአባ ሳሙኤል የውኃ ኃይል ማመንጫ ለዓሥርት ዓመታት ቆሞ ከኖረ በኋላ በቻይና ድጋፍ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. ዳግም ማመንጨት ጀመረ። አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነው፤ ዛሬ ከምንገነባቸው ግድቦች አንጻር ትንሽ ነው። ቢሆንም «ጊዜው አልፎበታል» ተብሎ አልተተወም።

ሕጉም መንገድ አለው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ማንኛውም የቅርስ ጥገና በቅርስ ባለሥልጣኑ ቅድሚያ ፈቃድ እንዲሠራ ያዛል፤ ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆንም መንግሥት ከፊሉን ሊሸፍን እንደሚችል ይደነግጋል። የጎደለው የኪራይ ውሉ ነው። በየዓመቱ የሚታደስ ውል የያዘ ተከራይ ኖራ ገዝቶ ግድግዳ አይጠግንም፤ ቀለም ቀብቶ ኪራዩን ይሰበስባል። የእነዚህ ቤቶች ባለቤት የሆኑ የመንግሥት ተቋማት የጥገናውን ግዴታ በግልጽ የጻፈ ረጅም ውል ይስጡ፤ ጠጋኙም ወጪውን ከኪራዩ ላይ ቀስ በቀስ ያቻችል። ከመፈራረማቸው በፊት የቤቱ ልኬትና ፎቶግራፍ ተሠርቶ ለባለሥልጣኑ ይግባ። ከዚያ ሥራው ከጣሪያውና ከቦዩ ይጀመር፤ ቀለሙ ኋላ ይደርሳል።