ተገጣጣሚና ያለቀ ተሽከርካሪ

ተገጣጣሚ ተሽከርካሪ የሚባለው ክፍሎቹ ተነጣጥለው ከአምራቹ ወጥተው በሌላ ቦታ፣ በሌላ እጅ የሚገጠሙ ተሽከርካሪ ነው። ያለቀ ተሽከርካሪ ግን ከፋብሪካ ሙሉ ሆኖ ወጥቶ፣ ገዢው ቁልፉን ተቀብሎ የሚነዳው ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ በሁለቱ መካከል የሚደረገው ምርጫ ይበልጥ የሚነሣው በጥንት ስፖርት መኪና ወዳጆች ዘንድ ነው። በኢትዮጵያ ግን ጉዳዩ ከቀረጥ፣ ከሕዝብ ማመላለሻና ከጭነት ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ለሚኖሩት ለመቱና ለአካባቢዋ ከተሞች ነዋሪዎች ደግሞ ከመግዣው ዋጋ እኩል የጥገናው ጥያቄ ይከብዳል።

የአቀራረብ ዓይነቶች

ተሽከርካሪ ለገጣጣሚ የሚቀርበው በዋናነት በሁለት መልክ ነው። ሙሉ በሙሉ የተበተነው በሣጥን ታሽጎ ይገባና ብየዳው፣ ቀለሙና ገጠማው በአገር ውስጥ ይሠራል። ከፊል የተበተነው አካሉ ተበይዶና ተቀብቶ ስለሚመጣ ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ ጎማውንና የውስጥ ዕቃውን መግጠም ብቻ ይቀራል። በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ የተለመደ ሌላም መልክ አለ፤ ሻንሲው ከነሞተሩና ከነጋቢናው ከውጭ ይገባና የኋላው አካል፣ በተለምዶ «ቦዲ» የሚባለው፣ በአገር ውስጥ ጋራዥ ይሠራለታል።

በዓለም

ገዢው ራሱ የሚገጥመው ስፖርት መኪና ገበያ ያገኘው በብሪታንያ ነው። የሎተስ ኩባንያ መሥራች ኮሊን ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ1957 ያቀረበው ሎተስ ሰቨን በተበተነ መልክም ይሸጥ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ያለቀ መኪና የሽያጭ ግብር ሲጣልበት የተበተነው ከግብሩ ይድን ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1973 ያ ግብር በተጨማሪ እሴት ታክስ ሲተካ ይህ ጥቅም ቀረ። በዚያው ዓመት ሎተስ የመኪናውን መብት ለኬተርሃም ኩባንያ ሸጠ፤ ኬተርሃም ግን በተበተነም በተገጠመም መልክ መሸጡን ቀጠለ።

አምሳያ መኪና፣ ማለትም የታዋቂ ጥንታዊ መኪና ቅጂ፣ በብዛት የተሠራለት ኤሲ ኮብራ ነው። አሜሪካዊው ካሮል ሼልቢ በብሪታንያው ኤሲ ኩባንያ ቀላል አካል ላይ የፎርድን ቪ8 ሞተር ገጥሞ እ.ኤ.አ. በ1962 ያቀረበው ይህ መኪና በጠቅላላው የተመረተው ወደ 1,000 ብቻ ስለሆነ ዋናው በእጅጉ ተወደደ፤ ቦታውን ቅጂዎች ሞሉት። እ.ኤ.አ. በ1995 በማሳቹሴትስ የተመሠረተው ፋክተሪ ፋይቭ ገዢው ከአሮጌ ፎርድ ሙስታንግ መለዋወጫ ወስዶ የሚገጥመውን ኪት፣ ማለትም የተበተነ መኪና ጥቅል፣ አቀረበ። በደቡብ አፍሪካ የሚሠራው ሱፐርፎርማንስ ደግሞ መካከለኛውን መንገድ መረጠ፤ ቀለሙ፣ ወንበሩና ፍሬኑ ያለቀለት መኪና ያለ ሞተርና ያለ ካምቢዮ ወደ አሜሪካ ይልካል።

የአሜሪካ ሕግም በተገጣጣሚና ባለቀ መኪና መካከል ያለውን ልዩነት ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሕግ አነስተኛ አምራቾች ቢያንስ 25 ዓመት የሞላውን መኪና የሚመስል፣ ያለቀ ቅጂ በዓመት እስከ 325 ድረስ እንዲሸጡ ፈቀደ። ከዚያ በፊት አብዛኛው ገዢ ያለው መንገድ ኪቱን ገዝቶ ራሱ መግጠም ወይም ለባለሙያ ከፍሎ ማስገጠም ነበር።

በኢትዮጵያ

በአገራችን የገጠማ ኢንዱስትሪ ቀዳሚው እ.ኤ.አ. በ1970 በአዲስ አበባ የተቋቋመውና ሕዝቡ «አምቼ» የሚለው ድርጅት ነው። በጣሊያኑ ኢቬኮና በኢትዮጵያ መንግሥት የጋራ ባለቤትነት ከባድ የጭነት መኪናዎችን ሲገጥም ኖሯል። በ2002 ዓ.ም. የተቋቋመው ሜቴክም በቢሾፍቱ ፋብሪካው የከተማ አውቶብሶችን ገጥሞ ለአንበሳ አውቶብስ ድርጅት አቅርቧል።

የቤት መኪና ገጠማን በሰፊው ያስተዋወቀው ሆላንድ ካር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራ ጀምሮ በሞጆ ፋብሪካው መጀመሪያ የቱርኩን ቶፋሽ መኪና፣ ቀጥሎ በቻይናው ሊፋን ላይ የተመሠረተውንና «አባይ» የተባለውን መኪና ገጠመ። እ.ኤ.አ. በ2013 ኪሳራ አውጆ ሥራውን አቆመ። ታሪኩ ለገዢ የሚያስተምረው ግልጽ ነው፤ ገጣጣሚ ሲዘጋ ዋስትናውም አብሮ ይዘጋል፣ የመኪናው መለዋወጫ ፍለጋም የባለቤቱ ዕዳ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ በዱከም ሊፋን፣ በመቀሌ በመስፍን ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ፔዦ፣ በአትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ማራቶን ሞተር ደግሞ ሀዩንዳይ ተገጥመዋል።

ምርጫውን የሚያዘነብለው ታክስ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በእድሜ በገፉ መኪናዎች ላይ ታክሱን እስከ 500 በመቶ አድርሶ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አከበደው። በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር ለኤሌክትሪክ መኪና ባወጣው ድልድል ሙሉ በሙሉ ተበትኖ የሚገባው ከጉምሩክ ቀረጥ ነፃ ሲሆን፣ ከፊል የተበተነው 5 በመቶ፣ ያለቀው 15 በመቶ እንዲከፍል ተደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ አዲስ የቤት መኪና ፈላጊ ዛሬ በአብዛኛው የሚያመዛዝነው እዚህ በተገጠመና አልቆ በገባ የኤሌክትሪክ መኪና መካከል ነው።

ሻንሲ ገዝቶ ቦዲ ማሠራት

«ቅጥቅጥ» በመባል የሚታወቀው መለስተኛ አውቶብስ በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ፣ በብዛት በአይሱዙ፣ በአገር ውስጥ ቦዲ የተሠራለት ነው። ባትላሜራው የብረት ቱቦ በይዶ አጥንቱን ያቆማል፤ ላሜራውን ቀጥቅጦ ያለብሰዋል፤ ስቱኮና ቀለም ይከተላል። ጥቅሙ ብዙ ነው፦ ያለቀ አውቶብስ ከማስገባት ይረክሳል፣ ለባለሙያ እንጀራ ይሆናል፣ ሲጋጭም በየትኛውም ከተማ ይጠገናል።

አደጋው ከአሠራሩ የሚመነጭ ነው። ከባድ ጣሪያና በላዩ የሚጫን ዕቃ የመኪናውን ሚዛን ወደ ላይ ስለሚያወጣው በመታጠፊያ ላይ የመገልበጥ ዕድሉን ይጨምራል። የጣሪያው አጥንት ደካማ ከሆነ ሲገለበጥ በተሳፋሪ ላይ ይወድቃል፤ ወንበሩ በሻንሲው ወይም በጠንካራ ወለል ላይ ካልታሰረ ተነቅሎ ይወጣል። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 66 ትልልቅ የመንገደኛ አውቶብሶች ሲገለበጡ ጣሪያቸው የተሳፋሪውን ቦታ እንዳይደፈጥጥ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ቦዲ የሚያሠራ ባለንብረት በእጁ ያለው የሌሎች ሰዎች ሕይወት መሆኑን አይዘንጋ።

በመቱና በኢሉ አባ ቦር

መቱ የኢሉ አባ ቦር ዞን ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ የሚመጣ መኪና በጅማ በኩል ወይም በነቀምት በኩል በደሌን አልፎ ይደርሳል። ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው ጎሬ በአገሪቱ ከፍተኛ ዝናብ ከሚያገኙት ከተሞች አንዷ ስትሆን በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ታገኛለች። ከጎሬ ደጋ እስከ ጋምቤላ ቆላ ያለው መንገድ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ገደማ ወደ 500 ሜትር ገደማ ይወርዳል።

የመሬቱ አቀማመጥና የአየሩ ጠባይ ምርጫውን ይወስናሉ። ረጅሙ ዝናብ በብየዳ መገጣጠሚያ ውስጥ ለገባ ውሃ የመድረቂያ ጊዜ አይሰጠውምና የዝገት መከላከያ ያልተቀባ ቦዲ ከሥር ይበላል። ረጅሙ ቁልቁለት ፍሬን ያግላል፤ ከታሰበለት በላይ የከበደ ቦዲ ደግሞ ሙቀቱን ያብሰዋል። ቡና ጭኖ ለሚወጣ መኪና ባሌስትራውና ፍሪሲዮኑ ቶሎ ስለሚያልቁ በአካባቢው በብዛት የሚነዳና መለዋወጫው በቅርብ የሚገኝ ዓይነት ይመረጣል። የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛም ከዋጋው በፊት የኃይል መሙያ ቦታና የባትሪ ባለሙያ በየትኛው ከተማ እንደሚገኝ ይጠይቅ።

የመምረጫ መመዘኛዎች

የመጀመሪያው ሰነድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ ሳይመረመርና ሳይመዘገብ በመንገድ ላይ አይነዳም። የሻንሲና የሞተር ቁጥር፣ የወንበር ብዛትና የጭነት ልክ በሊብሬው ላይ ካለው ጋር መግጠም አለባቸው፤ አለዚያ ቦሎ ማግኘትም ሆነ በኋላ መሸጥ ያስቸግራል።

ሁለተኛው ጠቅላላ ወጪ ነው። በተገጣጣሚው ዋጋ ላይ የገጠማው ክፍያ፣ የጎደለ ዕቃ፣ የቀለም ወጪና መኪናው ቆሞ የሚያጣው ገቢ ይደመራሉ። ያለቀው በመጀመሪያ ቢወደድም ወጪው አስቀድሞ ይታወቃል።

ሦስተኛው ተጠያቂነት ነው። ያለቀ መኪና አንድ አምራች ይጠየቅበታል። በተገጣጣሚ ግን ጉድለቱ የአምራቹ ይሁን የገጣጣሚው ሊያከራክር ስለሚችል ዋስትናው በጽሑፍ፣ የሚሸፍነው ክፍልና ጊዜው ተለይቶ መሰጠት ይኖርበታል።

ለመዝናኛ ስፖርት መኪና የሚገጥም ሰው ጊዜና ሙያ ካለው ኪት መግዛቱ ደስታም ዕውቀትም ያስገኝለታል። ተሳፋሪ ወይም ጭነት ለሚያመላልስ የመቱ ባለንብረት ግን ያለቀው፣ ወይም የረጅም ጊዜ ስም ያለው ገጣጣሚ የሠራው፣ የተሻለ ምርጫ ነው። ሻንሲ ገዝቶ ቦዲ ማሠራት የሚያዋጣው ብየዳው ከመሸፈኑ በፊት በባለሙያ ሲታይ፣ ክብደቱ ሲለካና ሊብሬው ከሥራው ጋር ሲስማማ ብቻ ነው።