ቀለሙ አምሮ መብራቱ እምቢ ሲል

የእንግሊዝ አሮጌ የስፖርት መኪና ለማደስ የተነሣ ሰው ገና ኮፈኑን ሳይከፍት የሚሰማው ቀልድ አለ። የእነዚህን መኪኖች የኤሌክትሪክ ዕቃ በብዛት ያቀረበው የበርሚንግሃሙ ሉካስ ኩባንያ ነው፤ ቅጽል ስሙም «የጨለማው ልዑል»። መብራቱ ጠፋ? ሉካስ ነው። ሞተሩ አልነሣም? ሉካስ ነው። ፍሬቻው ደነዘዘ? ያው ሉካስ ነው።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህ ቀልድ ነው። ቀልድ ሲደጋገም ፍርድ ይሆናልና። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ጆሴፍ ሉካስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በበርሚንግሃም ጎዳና ነጭ ጋዝ በጋሪ እየገፋ ይሸጥ የነበረ ሰው ነው። ቆይቶ ፋኖስ መሥራት ጀመረ። የብስክሌት መብራቱን «የመንገዱ ንጉሥ» ብሎ ሰየመው፤ ስሙም ገነነ። ከእሱ በኋላ ኩባንያው እጅግ ከመስፋቱ የተነሣ በ1963 የመንግሥት የሞኖፖል ኮሚሽን የመኪና ኤሌክትሪክ ዕቃ ገበያን መርምሮ ሪፖርት አወጣ። ከንጉሥ ወደ ጨለማ ልዑል የወረደው እንግዲህ ይህ ስም ነው።

አሁን ወደ መኪናው እንምጣ። ኤም ጂ ቢ በ1962 ወጣ። አቢንግደን በምትባል የእንግሊዝ ከተማ እስከ 1980 ድረስ ከ500,000 በላይ ተመረተ። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያድሰው እሱን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊውዝ ብቻ ነበራቸው፤ የፊት መብራቱ ያለ ፊውዝ ነው የሚሠራው። በእኔ እምነት ይህን ቁጠባ በሉካስ ላይ ብቻ መጫን አይገባም፤ ዕቃ አቅራቢ የሚያቀርበው መኪና አምራቹ ያዘዘውንና የከፈለበትን ነው።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። በእነዚህ መኪኖች ከባትሪው ተነሥቶ ወደ መብራቱ የሚሄድ ሽቦ አለ። ጅረቱ ወደ ባትሪው የሚመለሰው ግን በመኪናው አካል፣ በብረቱ ነው። ግራውንድ የምንለው ይህን ነው። እያንዳንዱ መብራት በአንዲት ብሎን ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ብሎኗ ከዛገች ጅረቱ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ ፍሬን ሲረግጡ ፍሬቻው ፈዘዝ ብሎ ይበራል። ሰውየው ግን አምፖል ይቀይራል፣ ዲናሞ ይገዛል፣ ሉካስን ይረግማል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ገና ታድሶ የወጣ መኪና ነው። ዝገቱ ተጠርጓል፣ ላሜራው ተበይዷል፣ ቀለሙ እንደ መስታወት ያበራል፣ ሽቦው በሙሉ አዲስ ነው። ቁልፉ ሲዞር ግን መብራቱ የለም። ለምን? ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ብሎኑ የታሰረው በቀለሙ ላይ እንጂ በብረቱ ላይ አይደለም። መኪናውን ያሳመረው ሥራ ራሱ የመመለሻውን መንገድ ዘጋው።

መፍትሔው ርካሽ ነው። መብራቱን አብርታችሁ መልቲሜትሩን ቮልት ላይ አድርጉ። አንዱን ጫፍ ከመኪናው አካል ጋር በተያያዘው የባትሪ ጫፍ፣ ሌላውን በመብራቱ የብረት ቤት ላይ አሳርፉ። ንባቡ ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት፤ ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ ችግሩ በዚያ የመመለሻ መንገድ ላይ ነው። በብርጭቆ ወረቀት እስከ ባዶ ብረት ፋቁት፣ አጥብቃችሁ እሰሩት፣ ግራሶ ቀቡት። ከሁሉ በፊት ግን ከአካሉ ጋር የታሰረው የትኛው የባትሪ ጫፍ እንደሆነ እዩ። ኤም ጂ ቢ እስከ 1967 ድረስ ፖዘቲቩ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ነጌቲቩ ሆነ። ይህን ሳያይ ዘመናዊ ሬድዮ የገጠመ ሰው ሬድዮውን ያቃጥላል።

የፋብሪካው ታሪክም ከዚህ አይርቅም። በ1968 የእንግሊዝ መኪና አምራቾች ተዋህደው ብሪቲሽ ሌይላንድ ተባሉ፤ በ1975 መንግሥት ወሰደው። የአሜሪካ ሕግ ሲጠብቅ ኩባንያው ለኤም ጂ ቢ ምትክ አዲስ መኪና አልሠራም። በ1974 ጥቁር የጎማ ፓራውልት ገጠመለት፣ ቁመቱንም ከፍ አደረገው። ከውጭ ተለወጠ፤ ከውስጥ ያው የ1962ቱ መኪና ነበር። በመስከረም 1979 የአቢንግደን ሠራተኞች የፋብሪካውን 50ኛ ዓመት አከበሩ። የበዓሉ ስሜት ሳይበርድ ፋብሪካው እንደሚዘጋ ተነገራቸው። በጥቅምት 1980 በሩ ተዘጋ።

ሠራተኛው ሰነፍ ነው ተባለ፣ ሽቦው የሉካስ ነው ተባለ። ስም የተሰጠው ጥፋተኛ ሲገኝ መስመሩን ተከትሎ የሚፈትሽ ሰው ይጠፋል። እዚያ ቤት የጎደለው አዲስ መኪና ለመሥራት የሚወጣ ገንዘብና ውሳኔ ነበር፤ ይህ ደግሞ ከሠራተኛውም ከሽቦውም በላይ ካለው ክፍል የሚመጣ ነው።

ስለ ተቋም እድሳት በተነሣ ቁጥር እኔ የማስበው ያንን አዲስ ቀለም የተቀባ መኪና ነው። አዲስ አርማ፣ አዲስ ሕንፃ፣ አዲስ ኃላፊ እናያለን። ከታች የሚመጣው ቅሬታ ወደ ላይ የሚመለስበት መንገድ ግን በቀለሙ ስር ተዘግቶ ይሆናል። መብራቱ ሲጠፋ አምፖሉን ከመርገማችሁ በፊት ብሎኑን ፈትታችሁ እዩ።